እጅ ነው፣ ዳኛ!

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ፦ እኛ ቤት ማንም ማንንም አልዋሸም። ወንድሜ ኻሊድ እራት ላይ «ፉትቦል ቲም ገባሁ» አለ። አባቴ «ኳስማ ጥሩ ነው፣ ጤና ነው፣ ማሻአላህ» አለ። እናቴ «ብቻ ትምህርትህን እንዳትተው» አለች። እኔ እየበላሁ ነበር። ሁላችንም የተግባባን መስሎን ወደ ሳህናችን ተመለስን። ያ አለመግባባት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ኦክላንድ ውስጥ ከእኛ ጋር በሰላም ኖረ።

«እንዴት ይቻላል?» ትሉኝ ይሆናል። በጣም ይቻላል። አባቴ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው። ያኔ በስልክ የሚጠራው መኪና ገና አልመጣም ነበር፤ ታክሲ ታክሲ ነበር፣ አባቴም ከመሪው ጀርባ ነበር የሚኖረው። የኻሊድ ዕቃ ሁሉ ትምህርት ቤት ባለው ቁም ሳጥኑ፣ ሎከሩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔና ኻሊድ ደግሞ ከደሴ ስንመጣ ልጆች ነበርን፤ እዚህ አገር «ፉትቦል» ማለት በእጅ የሚያዘው፣ ሄልሜት የሚደረግለት፣ ሰው በሰው ላይ የሚወድቅበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ከመጣን በኋላ ሌላ ትርጉም ያለው አልመሰለንም። አባቴ ዘንድ ግን ፉትቦል እግር ኳስ ነው፣ አለቀ።

አንድ ቀን «የት ቦታ ነው የምትጫወተው?» ብሎ ጠየቀው።

«ዋይድ ሪሲቨር» አለ ኻሊድ።

አባቴ ሪሲቨር የሚያውቀው የዲሹን ብቻ ነው። «ሪሲቨሩን ተወውና፣ ዋይድ ማለት ክንፍ ነው አይደል? ጠርዝ ጠርዙን?»

«የስ፣ ጠርዝ ላይ ነው የምቆመው።»

«የቀኝ ወይስ የግራ?»

«ቦዝ፣ ሁለቱም። ኮች እንዳለኝ ነው።»

የአባቴ ደረት ተነፋ። በማግስቱ የታክሲ ሰልፉ ላይ ልጁ በሁለቱም ክንፍ እንደሚጫወት ያልሰማ ሾፌር አልነበረም። ለኢድ አዲስ ታኬታና የቅልጥም መከላከያ ገዛለት። ኻሊድ ታኬታውን ወደደው። የቅልጥም መከላከያውን አገላብጦ አየና «ዋት ኢዝ ዚስ?» ብሎኝ አልጋው ስር አስገባው።

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር። ስሜ ሐያት ነው። ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ ኻሊድ ደግሞ አስራ ሁለተኛ። መምህሮቼ ሁሉ ስለ እኔ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ጎበዝ ናት፣ ድምጿ ግን አይሰማም። መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም። ቤት ውስጥ አስተርጓሚዋ እኔ ብሆንም የማስተረጉመው በሹክሹክታ ነበር። ክሊኒክም ሆነ ባንክ፣ ከወላጆቼ ትከሻ ጀርባ ቆሜ ቃሉን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ አሻግራለሁ። ስሳሳት እንዳልገኝ ብቻ ነበር ጸሎቴ። ሰው ሁሉ እንዲደሰትብኝ እፈልግ ነበር፣ ለዚያም የተሻለው መንገድ አለመሰማት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች አርብ እንሂድ።

ሐሙስ ማታ ኻሊድ እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎት ነበር። «ነገ ከኮሌጅ የመጣ ሰው ጌሙን ያያል» አለ።

«አንተን ሊያይ?» አለ አባቴ።

«እኔንና አንድ ሌላ ልጅ። ከወደደኝ እዚያ ኮሌጅ ገብቼ እጫወታለሁ። ሪሲቨር ጠፍቶባቸዋል።»

አባቴ «አብሽር» ብቻ አለው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ግን የትምህርት ቤቴ በር ላይ ታክሲው ቆሞ አገኘሁት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላውን ሥራ ትቶ ነበር። የኢድ ኮቱን ለብሷል። ጨዋታው ከተማው ማዶ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነበር። ከጎኑ ጋሽ ተኽለ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ አንድ ከረጢት ብርቱካን አለ። ጋሽ ተኽለ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ በረኛ ነበሩ፣ ይህንንም ባነሱት ወሬ ሁሉ ውስጥ ያስገቡታል።

«ግቢ፣ ጓለይ፣ ልጄ!» አሉኝ። «ብርቱካኑ ለእረፍት ሰዓት ነው። ተጫዋች ያለ ብርቱካን ሁለተኛውን አጋማሽ አይሮጥም።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ አባቴ በመስታወቱ አየኝ። «ዛሬ ስንት ያገባል ትያለሽ?»

«ምን?»

«ጎል ነዋ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ክንፉ፣ ታኬታው፣ የቅልጥም መከላከያው፣ የሁለት ዓመቱ ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። አባቴ ያንን ጨዋታ ያውቀዋል፣ ስሙን ነው የማያውቀው። ከኤርፖርቱ አጠገብ ትልቁ ስታዲየም አለ። እሑድ እሑድ ጨዋታ ሲኖር ፊታቸውን በጥቁርና በብርማ ቀለም የቀቡ፣ ትከሻቸው ላይ የፕላስቲክ ቀንድ የሰኩ ሰዎች እየጮሁ ታክሲው ውስጥ ይገባሉ። ቀለሙን ከወንበሩ ላይ የሚያጸዳው እሱ ነው። «የእብዶቹ ጨዋታ» ይለዋል። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በቴሌቪዥን አይቶት «ሰው በሰው ላይ ይከመራል፣ ኳሷ የት እንዳለች ማንም አያውቅም። ልጁን እዚያ የሚልክ ወላጅ ልቡ ድንጋይ ነው ወላሂ» ብሎ ነበር። እኔ ግን ያኔ የስታዲየሙን ብቻ ማለቱ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ በቀስታ ለማዘጋጀት ሞከርኩ።

«አባ፣ የእነሱ ኳስ እኮ ትንሽ ሞላላ ናት።»

«አየር ጎድሏት ነው» አለ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ታደርጊዋለሽ፣ በጀት የለም።»

«እኛ በካልሲ ነበር የምንጫወተው» አሉ ጋሽ ተኽለ።

«ደግሞ… በእጅም ይነካሉ።»

ጋሽ ተኽለ ዞረው ተቆጡኝ። «በረኛው ነዋ! በረኛ ካልነካ ማን ይነካል?»

«ሄልሜትም ያደርጋሉ» አልኩ፣ ድምፄ ሊጠፋ ደርሶ።

አባቴ መሪውን መታ መታ አደረገው። «ሰማህ ተኽለ? እዚህ አገር ልጅ በብስክሌት ወደ ኳስ ሲሄድ እንኳ ሄልሜት ነው! ይሄን ነው የምወድላቸው።»

ተስፋ ቆረጥኩና ቀበቶዬን አጥብቄ ያዝኩ።

ሜዳው ዳር ያለው የብረት መቀመጫ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። ከፊታችን አንዲት ትልቅ ሴት ከቤቷ ባመጣችው ትራስ ላይ ተቀምጣለች። በኋላ እንዳወቅኩት የእኛ ቡድን ኳስ ወርዋሪ የሆነው ልጅ አያት ናት፣ ሰዉ ሁሉ ሚስ ዶሎሬስ ይላታል። ጋሽ ተኽለ ብርቱካን አቀረቡላት፣ በደስታ ተቀበለች። ከዚያ ከመልበሻ ቤቱ በኩል ጩኸት ተሰማና ትከሻቸው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ፣ ጭንቅላታቸው የሚያብረቀርቅ ልጆች እየተንጋጉ ወጡ።

«እነዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው?» አሉ ጋሽ ተኽለ። «ምን ተቃጥሎ ነው?»

አባቴ አንገቱን አስግጎ ልጁን ይፈልግ ነበር። በዚህ መሀል ከተንጋጉት አንዱ ሄልሜቱን አወለቀና ወደ እኛ እጁን አወዛወዘ። ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። አባቱ ሊያየው መጥቷል! ኻሊድ ነበር።

«ሐያት» አለ አባቴ በጣም ቀስ ብሎ። «ያ የእኔ ልጅ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ይሄ የእብዶቹ ጨዋታ ነው?»

«አዎ፣ አባ። ግን እሱም እኔም የምታውቅ መስሎን…»

ሳልጨርስ ጨዋታው ተጀመረ። የሚስ ዶሎሬስ የልጅ ልጅ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ወረወራት። ኳሷ ሰማይ ላይ እየተሽከረከረች ሄደች። ኻሊድ ጠርዙን ይዞ እንደ ንፋስ ይሮጣል፣ አንድ ጠባቂ ተለጥፎበታል። ዘለለ። አየር ላይ ለአፍታ የቆመ መሰለኝ። በሁለት እጁ ቀለባት።

ጋሽ ተኽለ ከመቀመጫቸው ተስፈነጠሩ። «እጅ! እጅ ነው፣ ዳኛ!»

አባቴም ገና ድንጋጤው ሳይለቀው የዕድሜ ልክ ልማድ አስነሳው። «እጅ! እጅ ነው እንጂ! ዳኛ፣ አታይም?» አባቴ ቀጥ ያለ ሰው ነው፣ ጥፋት ከሆነ የገዛ ልጁም ቢሆን ይከሰሳል።

ሚስ ዶሎሬስ ዞራ በእንግሊዝኛ «የኔ ማር፣ አባትሽ ምን እያሉ ነው? ኢጅ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሀንድ ማለት ነው» አልኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ።

ዓይኗ በራ። «ሀንድስ! እንዴታ! ያ ልጅ እጅ አለው!» አንባቢዎቼ፣ በዚህ ጨዋታ ኳስ የሚቀበል ልጅ «እጅ አለው» ከተባለ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ሚስ ዶሎሬስ ተነስታ ብርቱካኗን እንደ ባንዲራ እያወዛወዘች «ኢጅ! ኢጅ!» አለች። ከጎኗ ያሉት ተቀበሏት። ከኋላ ከበሮ የያዙት ልጆች ምቱን አገኙት። ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ የኦክላንድ ሰው «ኢጅ! ኢጅ! ኢጅ!» እያለ የብረቱን መቀመጫ በእግሩ ይደልቅ ጀመር።

አባቴ ዙሪያውን እያየ ተቀመጠ። «ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ጥፋቱን ደገፉለት እኮ!»

ሳቄን ልይዘው አልቻልኩም። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ትንሽ ቆይቶ ኻሊድ በመሀል ሜዳ አንድ ኳስ ሲቀበል ከጎን የመጣ ግዙፍ ልጅ ሆዱ ላይ ገባበት። ድምፁ እኛ ጋ ተሰማ። ኻሊድ በጀርባው ወደቀና አልተነሳም።

«ያ አላህ!» አባቴ ደረጃውን በኮቱ እየበረረ ወረደ። እኔ ከኋላው፣ ጋሽ ተኽለ ብርቱካኑን እንደታቀፉ ከእኔ ኋላ። የሽቦ አጥሩ ጋ ስንደርስ ኻሊድ ተነስቶ ቁጭ ብሏል። ኮቹ፣ አሰልጣኙ፣ አጠገቡ ተንበርክኮ ያናግረዋል። ወዲያው የእረፍት ፊሽካ ተነፋ፣ ሁለቱም ወደ እኛ መጡ።

«አባ! አየኸኝ?» አለ ኻሊድ፣ እያለከለከም ይስቃል።

«አየሁህ። ምን እየሠራህ ነው እዚህ?»

«ፉትቦል ነዋ!»

«ይሄ ፉትቦል ነው? በእግርህ መትተሃት ታውቃለህ?»

ኻሊድ በጥያቄው ተገረመ። «እኔ? አንድም ቀን!»

አባቴ የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ልብስህን ቀይር፣ እንሄዳለን።»

የኻሊድ ሳቅ ጠፋ። ከመቀመጫው ጥግ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ሜዳውን ያያል፤ የኮሌጁ ሰው እሱ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ኻሊድ አሁን ከሄደ ያ ሰው ሌላኛውን ልጅ ይዞ ይመለሳል፣ ዓመቱ ያልቃል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

አባቴ ወደ ኮቹ ዞረ። «ሐያት፣ ይህን በይው። ልጄን እዚህ አገር ያመጣሁት ለጭንቅላቱ ነው።»

አስተረጎምኩ። ኮቹ ትልቅ ሰውነትና ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። «አይጎዳም ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለ። «አሁን ትንፋሹ ነው የተቋረጠው፣ ደህና ነው። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን እኔ ራሴ አወጣዋለሁ፣ ማንም ሊያየው ቢመጣ አይመለስም።»

አባቴ ፊቱን አጠናው። «ቢያንስ አይዋሽም» አለ በአማርኛ። ከዚያ ኻሊድን «ትወደዋለህ?» አለው።

ኻሊድ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ያን ቀን ግን በአማርኛ «በጣም፣ አባ» አለ። «ከምንም በላይ።»

አባቴ ቁልፉን በጣቱ ላይ አሽከረከረው። «እሺ፣ ስማኝ። እኔ የማየው ነገር አልገባኝም። በማላውቀው ነገር ውስጥ ልጄን ጥዬ መቀመጥ አልችልም። ሐያት ታስረዳኛለች። ከገባኝ ትጫወታለህ። ካልገባኝ ገና ሳያልቅ ይዤህ እሄዳለሁ፣ ሰውዬው ከኮሌጅም ይምጣ ከሰማይ።»

ኻሊድ ዞሮ አየኝ። እህቱን ያውቃታል፣ ድምጿ እንደማይሰማም ያውቃል። «ሐያትዬ» አለኝ፣ «ፕሊዝ፣ ጮክ በይ።»

ጋሽ ተኽለ አጥሩ ላይ ለቡድኑ ሁሉ ብርቱካን አደሉ። እኔ ወደ መቀመጫዬ ተመለስኩ። ሕጉን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት አይቻለሁ። ግን በአማርኛ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

«አራት ዳውን አላቸው» አልኩ።

«ዳውን ምንድን ነው?»

«ዳውን ማለት… ወደ ታች።»

«ማን ነው ወደ ታች የሚወርደው?»

«ማንም። ስሙ ነው። አራት ጊዜ… ከላይኑ ጋ ሆነው…»

«ላይን ምንድን ነው?»

«መስመር። ግን መስመሩ ሰዎች ናቸው።»

አባቴ ጋሽ ተኽለን አያቸው። ጋሽ ተኽለ ትከሻቸውን ሰበቁ። ሜዳው ላይ ሰው በሰው ተከመረ። ኳሷ የት እንዳለች አልታየችም። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰና ቁልፉን እንደገና አወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

በዚህ ጊዜ ዳኛው እጁን አነሳ። ከሜዳው ዳር ሁለት ሰዎች በረጅም ሰንሰለት የተያያዙ ሁለት ቀያይ እንጨቶች ይዘው እየሮጡ ገቡ። ሰንሰለቱን ወጥረው ከኳሷ ጎን ዘረጉት።

አባቴ ቀና አለ። «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ይለካሉ። አስር ያርድ ሞልቶ እንደሆነ።»

«መሬት ይለካሉ?»

«አዎ።»

«ቀያሾች ናቸው?» ድምፁ ተለወጠ። «ተኽለ፣ እይ! ቀያሾች መጡ!»

እዚህ ላይ ስለ አያቴ ማወቅ አለባችሁ። የአባቴ አባት ደሴ አካባቢ ገበሬ ነበር፣ የዕድሜውን ግማሽ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተሟግቷል። አባቴ ያደገው ገመድ ወጥረው መሬት የሚለኩ ሰዎችን እያየ፣ ማን በስንት ክንድ ገፋ የሚለውን እየሰማ ነው። እኔም ያንን ሙግት በወሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ድንገት ቃሉ መጣልኝ።

«አባ!» አልኩ። «ይሄ ኳስ አይደለም። የድንበር ሙግት ነው!»

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። «ቀጥይ።»

«አራት ጊዜ የመከራከር ተራ አላቸው። በአራቱ ውስጥ አስር ያርድ ከገፉ ተራው እንደገና የእነሱ ነው። ካልገፉ ለባለጋራ ያልፋል። እዚያ ጫፍ ከደረሱ መሬቱን ጠቀለሉት ማለት ነው፣ ነጥብ ያገኛሉ።»

«እነዚያ ወፍራሞቹስ?»

«አጥር ናቸው። የእኛ አጥር ጠበቃችንን ይከልላል፣ የእነሱ ሊያፈርሰው ይገፋል።»

«ጠበቃው ያ ወርዋሪው ነው!» አሉ ጋሽ ተኽለ።

«አዎ ጋሼ! ልክ ብለዋል!»

«ኻሊድስ?» አለ አባቴ።

«ኻሊድ አጥሩን ዞሮ የባለጋራው ጓሮ ይገባል። ኳሷን በአየር ይልኩለታል። ይዟት ከወደቀ፣ እስከ ወደቀበት ያለው መሬት የእኛ ነው።»

አባቴ ሜዳውን አየ። «ማለት፣ እጁ እስከ ደረሰበት?»

«እጁ እስከ ደረሰበት።»

«አሃ!» አለ አባቴ። የወሎ ሰው «አሃ» ሲል ሰምታችሁ ከሆነ ምን ያህል ሰፊ ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ማስረዳት ይቸግረኛል። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ኳስ የሚታየው በሬዲዮ ነበር። ያ የጨዋታ አስተላላፊ አነጋገር፣ ትንፋሽ የማይወስደው፣ ከፍ እያለ የሚሄደው፣ ደሜ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። አፌን ስከፍት እሱ ወጣ።

«ጠበቃችን ኳሷን ተቀበለ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ አጥራችን ይዟል፣ አጥራችን እንደ ግንብ ይዟል! በቀኝ ክንፍ ኻሊድ ሰይድ፣ የደሴው ልጅ፣ ጠባቂውን ወደ ውስጥ አሳየው፣ ወደ ውጭ ወጣ፣ አታለለው! ኳሷ ተላከች፣ ኳሷ በአየር ላይ ናት፣ ያዛት! ያዛት! በሰው ጓሮ እንግዳ ሳይባል ገባ!»

«እጅ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተኽለ፣ አሁን በምስጋና። «ኢጅ! ኢጅ!» መለሰ ሕዝቡ።

ቆሜ ነበር። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። አባቴም ቆሟል፣ ኮቱን አውልቋል። ሚስ ዶሎሬስ አንድ ቃል ሳይገባት ወደ እኔ ዞራ «አታቁሚ፣ ቤቢ፣ አታቁሚ!» ትለኛለች። ቢጫ ጨርቅ ሲጣል «ዳኛው ጥፋት አገኘ» እላለሁ። ባለጋራ ኳሷን ሲነጥቅ «መሬታችን ተቀማ!» እላለሁ፣ አባቴ ራሱን ይይዛል። «ወደ ግራ ላከው!» እያለ ጠበቃውን በአማርኛ ያዘዋል። «ተኽለ፣ ያን ወፍራም ያዝልኝ!» ይላል፣ ጋሽ ተኽለ ሜዳ ውስጥ ያሉ ይመስል።

ወደ መጨረሻው ደረስን። በነጥብ እነሱ በትንሹ ይበልጡናል፣ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ተራችን ነበር።

«አሁን ካልሞላ አለቀ» አልኩ፣ ድምፄ ተሰነጣጥቋል። «ተራው ያልፋል።»

«አላህ ሆይ!» አለ አባቴ።

«ጠበቃው ተቀበለ… አጥር ፈረሰ! አጥራችን ፈረሰ፣ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ኻሊድ ጠርዝ ላይ ነው፣ ላከለት!» ኳሷ ዝቅ ብላ መጣች። ኻሊድ ከመስመሩ እንዳይወጣ የእግሩን ጣቶች ሣሩ ላይ ተክሎ መላ አካሉን ወደ ፊት ጣለ። በተዘረጉ እጆቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ያዛት፣ ወደቀ።

ዳኛው አየ፣ አመነታ፣ እጁን አነሳ።

«ቀያሾቹ!» ጮኸ አባቴ።

ያ ሜዳ ጸጥ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሰንሰለቱን ይዘው ገቡ። አባቴ ክንዴን ይዞኝ ነበር። ሰንሰለቱ ተወጠረ። እንጨቱ ቆመ። የኳሷ አፍንጫ ከእንጨቱ በአንዲት ጣት አልፋ ነበር።

«ሞላ!» አልኩ። «ድንበሩ የእኛ ነው!»

አባቴ ጋሽ ተኽለን አንስቶ አቀፋቸው። ሚስ ዶሎሬስ ሦስታችንንም አንድ ላይ አቀፈችን። አባቴ አለቀሰ፣ ሳቀ፣ «የአባቴ መሬት!» አለ። በዚህ ሁሉ መሀል የሚቀጥለው ኳስ ተወርውሮ በባለጋራ እጅ ገባና ጨዋታው አለቀ። ማንም አልነገረውም።

«አሸነፍን!» እያለ ወረደ።

«ሰይድ» አሉ ጋሽ ተኽለ፣ «ተሸንፈናል መሰለኝ።»

አባቴ ቆመና ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባ።»

አሰበበት። «ይግባኝ እንላለን» አለ።

ኮፍያ ያደረገው ሰው አጥሩ ጋ ከኻሊድ ጋር ሲያወራ አገኘነው። ሰውዬው ሲሄድ ኻሊድ ፊቱ ጭቃ፣ ዓይኑ ፍርሃት ሆኖ ወደ አባቴ መጣ። ስለ ሰውዬው አልነገረንም። መጀመሪያ ሊሰማ የፈለገው ሌላ ነበር።

«ገባህ፣ አባ?»

አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ከልጁ ጉንጭ ላይ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። «ሰኞ ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?» አለው። «እኔ ነኝ የማደርስህ።»

ኻሊድ አሁን ያ ኮፍያ ያደረገው ሰው በሚሠራባት፣ መሀል ካሊፎርኒያ ባለች ትንሽ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው። እውነቱን ለመናገር ከእሱ የሚቀድሙ ሪሲቨሮች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሲገባ የምናየው በመጨረሻ ነው። እሱ ግን ያንኑ ሙሉ ጥርሱን ይዞ ነው የሚሮጠው፤ አባቴም ሲወድቅ አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል። ጨዋታው ከገባው በኋላ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፣ እኔም እንዲለቀው አልጠብቅም።

እኔ ደግሞ እዚህ ሳን ሆዜ አንደኛ ዓመት ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የኮሌጁ ተማሪዎች ሬዲዮ ክፍል በር ላይ ብዙ ቆሜ፣ ከዚያ ገባሁ። «የፉትቦል ጨዋታ ማስተላለፍ እችላለሁ» አልኳቸው። «የት ሠርተሻል?» አሉኝ። «ኦክላንድ፣ አንድ ግማሽ ጨዋታ፣ በአማርኛ» አልኩ። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ማይክሮፎኑን ሰጡኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አንድ ነገር ነው። አባቴ አጥሩ ጋ «ካልገባኝ ይዤው እሄዳለሁ» ሲል እኔ የሰማሁት ማስፈራሪያ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚህ አገር ብዙ ነገር ሳይገባው ኖሯል፤ ፊርማውን አኑሯል፣ አንገቱን ነቅንቋል፣ «ኦኬ» ብሎ ወጥቷል። ያን ቀን ግን ልጁ ስለሆነበት እንቢ አለ። ሕዝብ ፊት ቆሞ «አስረዱኝ» አለ። እኔ ቋንቋ አሻጋሪ ነበርኩ እንጂ አስረድቼው አላውቅም ነበር። እናንተም ከአባታችሁ ትከሻ ጀርባ ቆማችሁ የምታስተረጉሙ ካላችሁ፣ ወጥታችሁ ከጎናቸው ቁሙ። ቃሉ ባይኖራችሁ ፍጠሩት። ብትሳሳቱ ይስቁባችኋል፣ አይዟችሁ። አባቴ ሲስቅ እንዴት እንደሚያምር እኔ ያየሁት ያኔ ነው።